የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከልብስ ማጠቢያ የወጣው ሞተር ሰባቱ ሽቦ ምን ምንድን ነው?

ከቆራሌው ወይም ከምናለሽ ተራ የሚገዛ ሞተር ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ተልጦ፣ ሽቦው ተቆርጦ ነው የሚመጣው። በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ በዚሁ ዙሪያ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል። ለአብዛኞቹ የሚያስፈልገው ኦም የሚለካ ቴስተር ነው። ሶኬት የሚነካው ከልኬቱ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ፊት ለፊት ከሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ሞተሩን አውጥቻለሁ። ሰባት ሽቦ አለው። የ150 ሚሊ ሜትር መሳያ ድንጋይ ገጥሜበት ቢላዋና መጥረቢያ ልሳልበት አስቤያለሁ። የትኞቹን ላገናኝ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሽቦዎቹን እናሳይዎታለን፤ ድንጋዩን ግን በዚህ ሞተር ሻፍት ላይ አይግጠሙ። ሞተሩ ካርቦን ያለው ዓይነት ነው፤ ሸክም ከሌለው ፍጥነቱን የሚገታው ነገር የለም። ማሽኑ ውስጥ ሳለ ልብስ ሲጨምቅ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሄዳል፤ ያንን ፍጥነት የሚያወርደው ትልቁ የከበሮ ፑሊ ነው። በተለመደው የ35 ሜትር በሰከንድ ልክ የተሠራ የ150 ሚሊ ሜትር ድንጋይ የሚፈቀድለት ግን ወደ 4,450 ዙር ብቻ ነው። በ12,000 ዙር ጠርዙ በሰከንድ 94 ሜትር ይጓዛል። ድንጋዩ ይፈነዳል፤ ስብርባሪውም ፊቱ በቆመው ሰው ላይ ያርፋል። ለመሳያ የሚሆንዎትን ሞተር በሚቀጥለው መልስ ያገኙታል።

ይህኛውንም አይጣሉት። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ከተገጠመለት ለትንሽ ቶርኖ ወይም ለትራፓኖ የሚበቃ ጉልበት አለው። ሽቦዎቹ እንዲህ ይለያሉ። በሻፍቱ ጀርባ ካለችው ትንሽ ክብ ጥቅል የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የፍጥነት መለኪያው ናቸው፤ ከሁሉም የበለጠ ኦም ያነባሉ፣ ከአሥር ቤት እስከ ብዙ መቶ። በእነዚህ ላይ ፈጽሞ 220 ቮልት አይልቀቁ፤ ወዲያው ይቃጠላሉ። ቀጥሎ ከሁለቱ የካርቦን ቤቶች የሚወጡትን በዓይን ይከተሉ። ሻፍቱን በእጅ ቀስ አድርገው ሲያዞሩ የቴስተሩ ንባብ ከተወዛወዘ እነሱ ናቸው። የቀሩት ሦስቱ የውጪው ጥቅል ናቸው፤ ንባባቸው ጥቂት ኦም ነው፣ ሻፍቱ ሲዞርም አይናወጥም። ከሦስቱ ትልቁን ንባብ የሚሰጡት ሁለቱ የሙሉው ጥቅል ጫፎች ናቸው። ሦስተኛው ለከፍተኛ ፍጥነት ከመሃል የወጣ ስለሆነ ለብቻው በፕላስተር ይሸፍኑት። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሽቦ ባለው ሞተር ላይ ዜሮ ገደማ የሚያነቡ ሁለት ካሉ የሙቀት መከላከያው ናቸው። በመስመሩ መሃል ያስገቧቸው እንጂ አይዝለሏቸው።

ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ይለኩ። ማንኛውም ንባብ ከታየ ኤሌክትሪኩ ወደ አካሉ እያመለጠ ነው፤ አይሥሩበት። ደህና ከሆነ አንዱን የካርቦን ሽቦ ከአንዱ የጥቅል ጫፍ ጋር ያሳስሩ። ኃይሉ የሚገባው በቀሩት በሁለቱ ነው። መዞሪያ አቅጣጫውን መቀየር ሲፈልጉ ሁለቱን የካርቦን ሽቦዎች ብቻ ያቀያይሩ።

የመጀመሪያው ሙከራ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ይሁን። ይህ ሞተር በባትሪም ስለሚሠራ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የኩሽኔታውም ድምፅ በደንብ ይሰማል። በ220 የሚሞክሩት ሞተሩ በቡሎን ከታሰረ፣ አካሉ ከመሬት ሽቦ ጋር ከተገናኘና የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል በተከታታይ ከገባ በኋላ ነው። ሾርት ቢኖር አምፖሉ ሙሉ ብርሃን ይሰጣል እንጂ ሌላ ጉዳት አይደርስም። ከካርቦኑ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው። ብልጭታው የመዳብ ቀለበቱን ዙሪያውን ከከበበው ግን ካርቦኑ አልቋል ወይም የሮተሩ ጥቅል ተበላሽቷል።

የአምፖል ማደብዘዣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ብረት ሲነካ ግን ሞተሩ ይሞታል፣ ሲለቀቅ ደግሞ ያመልጣል። ትክክለኛው መፍትሔ የፍጥነት መለኪያውን ሁለት ሽቦዎች የሚያነብ፣ ቲዲኤ 1085 የሚባለው ቺፕ ያለበት ሰሌዳ ነው። ሸክም ሲጨምር ኃይሉን ራሱ ይጨምራል። ከአዲስ ማሽን የወጣ ካርቦን የሌለው ሞተር ከሆነ ግን ያለ ራሱ ኢንቨርተር (ኃይል እየቀያየረ የሚነዳው የማሽኑ ሰሌዳ) አይዞርም።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ገንዳ ማጠቢያ ሞተር አለኝ፣ ሦስት ሽቦ። ካፓሲተሩ ጠፍቷል።
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለመሳያ የምንመርጠው ይህንን ነው። ብዙዎቹ በደቂቃ ከ1,350 እስከ 1,400 ይዞራሉ፤ ከዚያ አያልፉም። ድንጋዩ ቀስ ስለሚል ቢላዋው አይግልም፣ ስለቱም በግለት አይለሰልስም።

ሦስቱን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረጉ ሦስት ጊዜ ይለኩ። ለምሳሌ 30፣ 30 እና 60 ኦም ቢያገኙ፣ 60 ሲያነብ ያልተነካው ሽቦ የጋራው ነው። ካፓሲተሩ በሁለቱ ሌሎች መካከል ይገባል። ከሶኬቱ አንዱ መስመር ወደ ጋራው፣ ሌላው ወደ አንደኛው የካፓሲተር እግር ይሄዳል፤ ወደ ሌላኛው እግር ሲያዛውሩት ዙሩ ይገለበጣል። ሁለቱ ትናንሽ ንባቦች እኩል ካልሆኑ የማድረቂያው ሞተር ነው፤ እሱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሠሩት፣ መስመሩም አነስተኛውን ኦም ወደሚያነበው ይግባ።

ካፓሲተሩ ለማጠቢያው ሞተር ከ8 እስከ 12 ማይክሮፋራድ፣ ለማድረቂያው ከ4 እስከ 6 ይበቃል፤ በሁለቱም ላይ 450 ቮልት የተጻፈበት ይሁን። በጣም ከበዛ ሞተሩ ያለ ሥራም ይግላል፤ ካነሰ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። ማጠቢያው ሞተር የተሠራው ትንሽ ዞሮ እንዲያርፍ ስለሆነ ሲስሉ በየአሥር ደቂቃው ያቁሙት። የድንጋዩ ብናኝ በተከፈተው ጎኑ ገብቶ ጥቅሉን እንዳይልጥ በላሜራ ይከልሉት፤ ንፋስ የሚወጣበት ግን ይተዉ።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ፕሪንተሮች ያወጣኋቸው ሞተሮች ለትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒዩተር የሚመራ መቁረጫ) ይሆናሉ?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለት ሽቦ ብቻ ያላቸው ተራ ዲሲ ሞተሮች ናቸው። በአዳዲሶቹ ቀለም ረጪ ፕሪንተሮች ውስጥ የሚበዙት እነሱ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ አይመቹም። የሚፈልጉት ስቴፐር፣ ማለትም በእርምጃ የሚዞር ሞተር፣ በብዛት የሚገኘው በዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ውስጥ ነው። አራት ሽቦ ካለው ሁለት ሁለቱን እያገናኙ ሻፍቱን ያዙሩ፤ ድንገት የሚጠነክርበት ጥንድ አንድ ጥቅል ነው። ስድስት ከሆነ የእያንዳንዱን ጥቅል የመሃል ሽቦ ይተዉ፤ ወደ ጫፎቹ ሲለካ ግማሹን ኦም የሚሰጠው እሱ ነው።

ፊቱ 42 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነና በአንድ ዙር 200 እርምጃ ያለው ምርጥ ነው። ክብ ቆርቆሮ የሚመስሉት ብዙ ጊዜ 48 እርምጃ ብቻ ስላላቸው ለማስመሪያ እንጂ ለመቁረጫ አይሆኑም።

ስቴፐሩን የሚነዳውን የኤ 4988 ሰሌዳ ሲጠቀሙ የማይታወቅ ሞተርን በ0.5 አምፔር ይጀምሩ። በሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ ሬዚስተር አር100 ከሆነች ማስተካከያው ላይ 0.4 ቮልት፣ አር050 ከሆነች 0.2 ቮልት እስኪነበብ ቪቷን ያዙሩ። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከሰሌዳው አጠገብ ያስገቡ፤ ኃይል እያለ የሞተሩን ሽቦ አይንቀሉ፣ ሰሌዳው ወዲያው ይቃጠላል። የፕሪንተሩን ጥርሳም ቺንጋ ከአዲስ የ2 ሚሊ ሜትር ፑሊ ጋር ከማጋባትዎ በፊት 50 ጥርስ ይለኩ፦ 101.6 ሚሊ ሜትር ከመጣ አይገጥምም፤ 100 መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የላከው የትራፓኖ ሞተር 115 ቮልት፣ 60 ሄርዝ፣ 1,725 ዙር ይላል። ትራንስፎርመር ይበቃዋል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። በእኛ 50 ሄርዝ ፍጥነቱ ወደ 1,425 ይወርዳል፤ በ115 ቮልት ከሠራ ደግሞ የሞተሩ ብረት በማግኔት ስለሚጠግብ ይግላል። ወደ 96 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያሠሩለት። ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ለግማሽ ፈረስ ጉልበት ሞተር ከ1,500 ቮልት አምፔር በታች አይሁን። ካርቦን ያለው መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ሄርዙ ግድ አይሰጠውም ነበር፤ ተራ 110 ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ከማይክሮዌቭ ምን ይገኛል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሳህኑን የሚያዞረው ትንሽ ሞተርና ማራገቢያው። ሳህን አዟሪው ላይ 5/6 ዙር ከተጻፈ በ50 ሄርዝ 5፣ በ60 ሄርዝ 6 ማለት ነው። የተጻፈበትን ቮልት ያንብቡ፤ 21 ቮልት የሆኑም አሉ፣ በ220 ይቃጠላሉ። ትልቁን ትራንስፎርመርና ካፓሲተሩን ግን አይንኩ፤ ወደ 2,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ይይዛሉ፣ ካፓሲተሩም ሶኬቱ ተነቅሎ እንኳ ሊገድል ይችላል። ይህንን ማፍሰስ የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ይተዉት።