ሜጋፋውና ሲባል ዳይኖሰር ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ስለ ድሮ እንስሳት ዶክመንተሪ ሳይ "ሜጋፋውና" እያሉ ደጋግመው ያወራሉ፣ ዳይኖሰር ማለታቸው ነው? ወይስ ዝሆንም ይገባበታል?

መልስ፦ ዝሆንም ይገባበታል፣ አውራሪስና ጉማሬም እንደዛው። "ሜጋ" በግሪክ ትልቅ ማለት ነው፣ "ፋውና" ደግሞ የአንድ አካባቢ ወይም ዘመን እንስሳት በጠቅላላ፣ ስለዚህ የጅምላ ስም ነውና አንድ ጉማሬ ነጥሎ "ይሄ ሜጋፋውና ነው" ማለት ጥሩ አይመጣም።

ስንት ኪሎ ሲሆን ነው ለሚለው ሁሉም የሚስማማበት ልክ የለም። ብዙዎቹ ከ45 ኪሎ በላይ ይላሉ፣ በዚህ ሂሳብ እኮ እኛም እንገባለን! ሌሎቹ ግን ለሣር በል እንስሳት 1,000 ኪሎ ይጠይቃሉ።

ዳይኖሰርንም አንዳንዴ ይሉታል፣ በብዛት ግን የሚነሳው ለበረዶ ዘመን እንስሳት ነው፣ ለምሳሌ ሜጋተሪየም የሚባለው የደቡብ አሜሪካ የጠፋ አጥቢ እንስሳ ዝሆን የሚያህል ሆኖ በኋላ እግሩ እየቆመ በረጃጅም ጥፍሮቹ ቅርንጫፍ ጎትቶ ይበላ ነበር። እኔን ሁሌ የሚያሳዝነኝ ማሞዝ፣ ያ ጸጉራሙ የዝሆን ዘመድ ነው፣ የመጨረሻዎቹ በሩሲያ ሰሜን ጫፍ ባለችው ራንጀል ደሴት ላይ ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ ነበሩ፣ ያኔ የጊዛ ፒራሚዶች ተሠርተው አልቀዋል።