በናፍጣ የሚያጨስ፣ በጋዝ የሚጠፋ በርነር

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የአንድ ሆቴል ጥገና ኃላፊ ነኝ። የሙቅ ውኃ ቦይለራችን በናፍጣም በጋዝም የሚሠራ በርነር (ነዳጁን የሚያቃጥል ክፍል) አለው። በናፍጣ ሲሠራ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ 2.00 ቁጥር ኖዝሉ (የናፍጣው መርጫ አፍ) ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ቢተካም ለውጥ አልታየም። ናፍጣ ሲጠፋ መስመሩን ዘግተን ከአራት የወጥ ቤት ሲሊንደሮች በሚመጣ ጋዝ እናስነሣዋለን፤ ነበልባሉ ግን ተነሥቶ ይጠፋና ቀይ መብራት ይበራል። ጥምቀት ሳይደርስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ምንም እንኳ አንዱ ሌላውን ሊያባብስ ቢችል፣ ለየብቻ ቢታዩ ይሻላል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ የሚገፋው አየር በመጠን ባያንስም በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ የናፍጣ ፓምፑ ግን ከፍታ አያውቅምና ቆላም ደጋም እኩል ይረጫል። ስለዚህ የአየር መግቢያውን ዳምፐር (መክፈቻና መዝጊያ ክዳን) በጥቂት በጥቂቱ ይክፈቱ። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ጭሱ ካልጠራ፣ የመርጫ ማዕዘኑ ተመሳሳይ የሆነ 1.65 ቁጥር ኖዝል ይግጠሙ፤ የቦይለሩ ጉልበት በአምስተኛ ያህል ቢቀንስም ከጥቀርሻ ይሻላል። የፓምፑን ግፊት ዝቅ አድርጎ ናፍጣ ለመቀነስ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ግፊቱ ሲወርድ ናፍጣው በደንብ ሳይበተን በትልልቅ ጠብታ ስለሚወጣ ጭሱ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ማስተካከያውን በዓይን ግምት ብቻ አይጨርሱ፤ የጭስ መለኪያ ያለው ባለሙያ በጭስ መውጫው ላይ ኦክስጅኑን ከ4 እስከ 5 በመቶ ያድርስልዎ።

ጋዙን በተመለከተ ሰዓትዎን ይዘው ይቁሙ። ነበልባሉ በተነሣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ፣ በርነሩ እሳቱን አላየውም ማለት ነው። የነበልባል መመልከቻውን አውጥተው መስታወቱን ይመልከቱ፤ ከናፍጣው ጭስ የተረፈ ጥቀርሻ ሸፍኖት ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ንጹሕ ሆኖ ካገኙት ዓይነቱን ይጠይቁ፤ ምክንያቱም ለናፍጣ በርነር የሚሸጠው ተራ ፎቶሴል (የብርሃን መመልከቻ) ቢጫውን ነበልባል እንጂ የጋዙን ሰማያዊ ነበልባል ስለማያይ፣ ለሁለቱም ነዳጅ የሚሆነው የአልትራቫዮሌት መመልከቻ ነው። ከዚህ በፊት የተበላሸውን በርካሹ የተካ ሰው ካለ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ግን እጅዎን ወደ ሲሊንደሮቹ ይስደዱ። ታችኛው ጎናቸው ቀዝቅዞ ላብ ወይም አመዳይ ከያዘ፣ ፈሳሹ ጋዝ በሚፈለገው ፍጥነት እየተነነ አይደለም፤ ግፊቱ ሲወርድ የዝቅተኛ ግፊት ማብሪያው በርነሩን ያቆመዋል። የእርስዎ በርነር ኖዝሉ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ በሚኖረው ጉልበት በሰዓት ወደ 6 ኪሎ ጋዝ ይፈልጋል፤ አንድ የወጥ ቤት ሲሊንደር ደግሞ ሳያቋርጥ ከ1 ኪሎ ብዙም አይሰጥም። በታኅሣሥና በጥር ብርድማ ከዚያም ያንሳል። በእሳትም ሆነ በፈላ ውኃ እንዳያሞቋቸው አደራ፤ መፍትሔው ቁጥራቸውን መጨመር ወይም ትልልቅ ሲሊንደሮች ማስገባት ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሲሊንደሮቹ ምድር ቤት ውስጥ ከሆኑ ዛሬውኑ ወደ ውጭ ያውጧቸው፤ መጋጠሚያዎቹንም በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። ቀይ መብራቱ በበራ ቁጥር ሪሴቱን (የዳግም ማስነሻ ቁልፉን) ደጋግሞ መጫንም ያልተቃጠለ ነዳጅ ስለሚያጠራቅም አደገኛ ነው።

በጋዝ ስትሠሩ የናፍጣውን መስመር እንደምትዘጉ ጽፈዋል። ፓምፑ የራሱ ሞተር ወይም ማላቀቂያ ክላች ከሌለው ከፋኑ ጋር አብሮ ይዞራል፤ የሚያለሰልሰው ደግሞ የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። መስመሩ ተዘግቶ በደረቁ ሲዞር ስለሚበላ፣ የፓምፑን አሠራር እስኪያረጋግጡ ድረስ መስመሩን ክፍት ይተዉት፤ በታንከሩም ውስጥ ለመዘዋወሪያ የሚበቃ ናፍጣ ምንጊዜም ይቅር።