የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፦ «ባለፈው ወስደሻል» ቢሉሽም እንዳትመለሺ

እህቴ፣ «ለመጀመሪያ ልጄ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሁለቴ ወስጃለሁ፤ ልጁ 5 ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁን ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ልድገመው? ሕፃኑስ ሲወለድ ራሱ ለምን አይከተብም?» ላልሽው፦ ድገሚው። ነገ ጠዋት ሂጂ። እዚሁ ሐዋሳ እኔም ልክ እንዳንቺ ነበርኩ።

1. ሁለቴ የተወሰደው ቢበዛ 3 ዓመት ገደማ ነው የሚጠብቅሽ። ሦስተኛው ቢያንስ 5፣ አራተኛው ቢያንስ 10 ዓመት ያቆያል፤ አምስተኛውን ከወሰድሽ የመውለጃ ዕድሜሽን ሙሉ ይሸፍናል። መርፌው ከመውለድሽ ቢያንስ 2 ሳምንት መቅደም አለበት።

2. የሕፃኑን ነገር እኔም ጠያይቄ ነው የገባኝ። የሚገድለው ጀርሙ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ጀርሙ አፈርና እበት ውስጥ ይኖራል፤ ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም እምብርት ላይ በሚቀባ ነገር ይገባል፤ መርዙ ነርቭ ይይዛል፤ ልጁ ከተወለደ ከ3 እስከ 28 ባሉት ቀናት ውስጥ ይታመማል። የአራስ ልጅ ሰውነት ይህን መርዝ ገና አያውቀውም። በተወለደ ዕለት ቢከተብ እንኳ በቂ ፀረ እንግዳ አካል (መርዙን የሚያከሽፍ የሰውነት መከላከያ) ለማምረት ሳምንታት ይፈልጋል፣ በሽታው ደግሞ ይቀድመዋል። መርዙ በጣም ጥቂቱ ስለሚበቃው፣ ታሞ የዳነ አዋቂ እንኳ ከሕመሙ መከላከያ አያገኝም፤ መከተብ አለበት። ስለዚህ ልጁን የሚያድነው ከደምሽ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚሻገርለት ፀረ እንግዳ አካል ነው። አብዛኛው የሚሻገረው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው፤ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ይህ ስንቅ ሳይሞላለት ይመጣል። በወራት ውስጥም ያልቃል፤ የራሱን መገንባት የሚጀምረው በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት በሚከተበው ነው። እንገሩን አጥቢው፣ አንጀቱን ይጠብቅለታል፤ ክትባቱን ግን አይተካም።

3. ካርድሽን ፎቶ አንሺው። የኔን ካርድ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ራሱ ነው የጣለብኝ። ወረፋ ጠብቄ ስገባ ያገኘኋት ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ባለፈው ወስደሻል አይደል? ምን ይሠራልሻል፤ ይልቅ ካርድሽን ፈልጊ» አለችኝ። ካርዱን የተቀበሉኝ እናንተ ናችሁ ብላት ጮኸችብኝ፤ ከኋላዬ ያሉት ነፍሰ ጡሮች ሁሉ እየሰሙ። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። እኔ አልተመለስኩም። የእናቶች ክፍል ኃላፊው እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የመጀመሪያ ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» ነገርኩት፤ ወዲያው አስወጋኝ። መዝገብ የጠፋባት ደግሞ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ትወስዳለች፤ ካርድ የለሽም ተብሎ ማንም ሊመልስሽ አይገባም።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ኋላ በሆነው ነው። ልወልድ ስል እናቴ ቤት ነበርኩ፣ ከለኩ ወጣ ብሎ። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ነው፣ አምቡላንስ አልደረሰልንም። እትብቱን ጎረቤት እማማ ናቸው የቆረጡት፤ ምላጩ ታጥቦ ነበር እንጂ አልተቀቀለም። ጠዋት ጤና ጣቢያ ሳንደርስ አክስቴ ለእምብርቱ ቅቤ ይዘው መጡ። በአክብሮት ግን በፍጹም አልኩ፤ ቅቤው ለኔ ገንፎ ሆነ። ጤና ጣቢያ ለእምብርቱ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ቅባት ሰጡን። የዚያን ሰሞን ልጄ ጡት በያዘ ቁጥር አፉን ነበር የማየው፤ እንቅልፍ የሰጠኝ ያ መርፌ ብቻ ነው። ዛሬ ቤቱን የሚያምስ ልጅ ነው፣ ተመስገን።

«ይሄ በሽታ እኮ ጠፍቷል» የሚሉሽም ይኖራሉ። በእ.ኤ.አ. 2017 ኢትዮጵያ አስወግዳለች መባሉ እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከአንድ በታች ይያዛል ማለት ነው። ጀርሙ አፈሩ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ደህና ሲጠባ የነበረ ልጅ በ3ኛው ቀን ይሁን በ10ኛው መጥባት ካቃተው፣ አፉ ከተቆለፈ፣ ሲነኩት ወይም ድምፅ ሲሰማ ከተገተረ፣ ጠበል ቤትም ጎረቤትም ሳትዪ በቀጥታ ሪፈራል ውሰጂው። መድኃኒቱ ነርቭ ያልያዘውን መርዝ ነው የሚያከሽፈው፣ የያዘውን አያስለቅቅም፤ ሰዓት ዋጋ አለው።

ነገ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ ስለ ካርድ ሳይጠይቁሽ የልጅሽን ዕድሜ ቀድመሽ ተናገሪ። እምቢ ካሉሽ የእናቶች ክፍል ኃላፊውን ጥሪልኝ በያቸው።