ጃንጥላና ፍላሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሙሽሮችን በሀበሻ ቀሚስ ሳነሳ ፊታቸው ሲስተካከልልኝ ልብሱ ነጭ ብቻ ሆኖ ጥልፉ ይጠፋል። ለልብሱ ስል ብርሃኑን ስቀንስ ደግሞ ፊታቸው ይጨልማል። ያለኝ አንድ ስፒድላይት (ካሜራ ላይ የሚሰካ ትንሽ ፍላሽ) እና አንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ጃንጥላ ነው። ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ፣ ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን) ልግዛ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ለዚህ ችግር ብለው አይግዙ። ፊቱና ልብሱ እኩል ብርሃን እያገኙ ነው፤ ነጩ ጨርቅ ግን ከጠይም ቆዳ ብዙ እጥፍ ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ለፊቱ የበለጠ፣ ለልብሱ ያነሰ ብርሃን የሚደርስበት አቀማመጥ ነው፤ እሱን ደግሞ ርቀት ያመጣልዎታል።

የብርሃን ጥንካሬ በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ሙሽራዋ ተቀምጣ ጃንጥላው ከፊቷ 2 ሜትር ርቆ ቢቆም ጭኗ ላይ ያለው ጨርቅ ወደ 2.3 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ልዩነቱ ግማሽ ስቶፕ እንኳ አይሞላም (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)። ጃንጥላውን ከፍ አድርገው ከፊቷ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያመጡት ግን ጭኗ 1.2 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ልብሱ የሚያገኘው ብርሃን ፊቷ ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው፣ ማለትም አንድ ስቶፕ ተኩል ያነሰ። ብዙዎች ጃንጥላው ፍሬም ውስጥ ይገባብኛል ብለው ያርቁታል። ጠርዙ ከፍሬሙ ለጥቂት እስኪወጣ ድረስ አስጠግተው ያቁሙት።

ጃንጥላው ከግንባሯ በላይ ይሁን፤ ዘንጉ ወደ ፊቷ እንጂ ወደ ደረቷ አያነጣጥር። ነጠላው በአንድ ትከሻ ብቻ ከወረደ ጃንጥላውን በሌላኛው ትከሻ በኩል ያቁሙ፤ ለብርሃኑ የቀረበ ነጭ ትከሻ ሁልጊዜ ቀድሞ ይቃጠላል። ይህም ካልበቃ ከጃንጥላው የታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቁር ካርቶን አንጠልጥለው ወደ ልብሱ የሚሄደውን ብርሃን ይከልክሉ።

የስፒድላይቱን ዙም (የብርሃኑን ስፋት የሚወስነውን) 24 ወይም 35 ላይ ያድርጉት። 105 ላይ ከተተወ ብርሃኑ የጃንጥላውን መሃል ብቻ ይመታል፤ ያኔ የገዙት ትልቅ ጃንጥላ እንደ ትንሽ ሳህን ነው የሚሠራው፣ ጥላውም ይጠጥራል። መነሻ ቅንብር፦ አይ ኤስ ኦ 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 5.6፣ ሻተር 1/160 ሰከንድ፣ የፍላሽ ኃይል 1/4 ወይም 1/8። መጀመሪያ ፍላሹን አጥፍተው አንድ ፎቶ ያንሱ። ጥቁር ወይም ጥቁር ለማለት የቀረበ ካልወጣ የክፍሉ አምፖል እየገባብዎት ነው፤ ነጩን ጨርቅ ቢጫ የሚያደርገውም እሱ ነው። ከዚያ በሮው (RAW፣ ያልተቀነባበረ የፎቶ ፋይል) እያነሱ ጥልፉ ላይ የካሜራው የብርሃን ማስጠንቀቂያ (የተቃጠለውን ቦታ የሚያሳየው) ብልጭ ማለት እስኪያቆም ኃይሉን ይቀንሱ። ፊቱን በኤዲቲንግ ትንሽ ማንሳት ይቻላል፤ የተቃጠለ ጥልፍ ግን አይመለስም።

አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። የሚያሳልፍ ጃንጥላ የብርሃኑን ትልቅ ክፍል ወደ ኋላ ይመልሳል። ግድግዳውና ኮርኒሱ ነጭ በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያ ብርሃን ዞሮ መጥቶ ልብሱንም ፊቱንም እኩል ያበራል፤ በርቀት ያገኙትን ልዩነት ያጠፋብዎታል። መግዛትዎ ካልቀረ ጀርባው ጥቁር፣ ውስጡ ነጭ የሆነ አንጸባራቂ ጃንጥላ ይግዙ። ብርማው የበለጠ ብርሃን ይሰጣል፤ ነገር ግን ወዝ ያለበትን ግንባር ያብለጨልጫል።

ጥያቄ፦ ፎቶዎቼ አንድ ጠርዝ ላይ ጥቁር ሰንበር ይወጣባቸዋል። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ፍላሹ ደህና ነው፤ የሻተር ፍጥነትዎ አልፏል። ሻተሩ ሁለት መጋረጃ አለው፤ ከ1/200 ወይም 1/250 በላይ ሲፈጥን ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ይነሳል። ፍላሹ በዚያ ቅጽበት ሲበራ የተሸፈነው ክፍል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የካሜራዎን ወሰን መመሪያው ላይ ያገኙታል። ርካሽ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው መሣሪያ) ትንሽ ስለሚዘገይ 1/160 ላይ መሥራት ይሻላል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሻተር ማፍጠን የፍላሹን ብርሃን አይቀንሰውም፤ እሱን የሚቀንሱት በአፐርቸር ወይም በፍላሹ ኃይል ነው።

ጥያቄ፦ መነጽር ያደረገ ሰው ሳነሳ የመነጽሩ ሌንስ ላይ ጃንጥላዬ ተስሎ ይታያል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የመነጽር ሌንስ እንደ ፊት መስታወት ነው የሚሠራው። ጃንጥላዎ ከካሜራው 45 ዲግሪ ወደ ጎን ቆሞ ሰውየው ፊቱን ወደ ጃንጥላው 20 ዲግሪ ገደማ ካዞረ ነጸብራቁ በቀጥታ ወደ ካሜራዎ ይመጣል። ፊቱን በተቃራኒው ያዙሩት፤ ነጸብራቁ ወደ ሌላ ጎን ይሄዳል። ፊት ለፊት መታየት ካለበት ጃንጥላውን ከፍ ያድርጉ፤ የመነጽሩን ክንድ ከጆሮው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አንስተው ሌንሱ ወደ መሬት እንዲያዘነብል ያድርጉ። ማንም አያስተውለውም። 150 ሳንቲ ሜትር ጃንጥላ ለመነጽር አስቸጋሪ ነው፤ 85 አካባቢ ያለው ይቀላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ላለው ወንድሜ ያገለገለ ስትሮብ (ትልቅ የስቱዲዮ ፍላሽ) ልወስድለት ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ‹‹100–240 ቮልት›› ካለ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ነው። 120 ብቻ ከሆነ በ220 ቮልት መስመር ላይ ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ለስልክ ቻርጀር የሚሸጠው ትንሹ ግን አይችለውም። ስትሮብ ከእያንዳንዱ ብልጭታ በኋላ ሲሞላ ኃይል በአንዴ ይስባል፤ ለ400 ዋት ሰከንድ (የብልጭታው ኃይል መለኪያ) ስትሮብና ለ150 ዋት ማሳያ አምፖሉ (ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ለሚያሳየው) ከ1,000 ዋት ያላነሰ ትራንስፎርመር ይያዝለት። ወንድምዎ ቢበላሽበት ‹‹ነቅዬዋለሁ›› ብሎ እንዳይከፍተው ይንገሩት፤ ካፓሲተሩ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጎዳ ቮልት ይይዛል።

ምርጫ ካለዎት በባትሪ የሚሠራ ይውሰዱለት። መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምበትም። ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከ160 በላይ ግን መንገደኛ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ውጭ ሳነሳ ነፋስ ስታንዱን ይጥልብኛል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከስታንዱ ሦስት እግሮች አንዱን ጃንጥላው ወዳዘነበለበት አቅጣጫ ያዙሩ፤ 5 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ አሸዋ የያዘ ከረጢት በዚያው እግር ላይ ይጫኑ። ከተቻለ ረዳት ይያዘው። ነፋሱ ከበረታ ጃንጥላውን አውልቀው ፍላሹን ቅርብ ያለ ነጭ ግድግዳ ላይ ያንጸባርቁት፤ ዙሙን እዚያው 24 ወይም 35 ላይ ትተው፣ ኃይሉን አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ከፍ አድርገው።