ልጄ ወፍ ግዙልኝ አለኝ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ቤት ወፎች የመጡት ጥያቄዎች በዙ። አብዛኞቹ ከወላጆች ናቸው፤ ከልጆችም አሉ። ዛሬ የተወሰኑትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለወፏ አቮካዶ ብትሰጣት ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ሊገድላት ይችላል። ቸኮሌትም እንዳትሰጣት።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ከገርጂ ጽፈዋል። የ11 ዓመት ልጃቸው ጓደኛው ቤት ወፍ ካየ ወዲህ እረፍት ነስቷቸዋል። «ሁሉን ነገር እኔ አደርጋለሁ» ብሎ ምሏል። አባትየው ይገዛለት ባይ ናቸው። ያለፈው ዓመት ቡችላ ግን በሳምንቱ እናትየው ላይ ነው የወደቀው። ልጁ ለወፍ ደርሷል ወይ ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ መሐላውን ለጊዜው ይተዉት። ልጅ ሲምል ከልቡ ነው፤ ግን የሚምለው የዛሬውን ስሜቱን ይዞ ነው። ፍቅሩንም መለኪያ አያድርጉት፤ እንስሳ የማይወድ ልጅ ስንት አለ? እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። ልጁ ልብ ይላል ወይ?

ወፍ እንደ ውሻ አይደለችም። ውሻ ሲያመው ያላዝናል፣ እግርዎ ሥር መጥቶ ይተኛል። ወፍ ግን ሕመሟን ትደብቃለች። ዱር ውስጥ አዳኝ ቀድሞ የሚበላው የደከመችዋን ወፍ ነው፤ ስለዚህ አቅሟ እስኪያልቅ ድረስ ደህና መስላ ትቆማለች። የሚታየው ምልክት ትንሽ ነው። ላባዋን ነፍታ ትቀመጣለች፣ ድምፅ ትቀንሳለች፣ የኩሷ መልክ ይለወጣል። ምግቡም ያታልላል። ወፍ ፍሬውን ፈልፍላ ገለባውን እዚያው ዕቃው ውስጥ ትተወዋለች፤ ከላይ ላየው ልጅ ዕቃው ሙሉ ነው፣ ወፏ ግን ተርባለች። እፍ ብሎ ገለባውን አንስቶ ሥሩን የሚያይ ልጅ ነው የሚያስፈልገው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ልጅ ሆኜ እርግቦች ነበሩኝ። አንዷ ነጭ ሁለት ቀን ሙሉ ላባዋን ነፍታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ በርዷት ነው ብዬ አለፍኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞታ አገኘኋት። በጣም እወዳት ነበር፣ ስም ሁሉ አውጥቼላት ነበር። መውደዴ አላዳናትም።

ስለዚህ ወፍ ሳይገዙ አንድ ወር ይሞክሩት። በረንዳ ወይም አጥር ሥር ዝርግ ሳህን ያስቀምጡ። ልጁ በየጠዋቱ ሳህኑን አጥቦ ለሰፈሩ ወፎች ውሃ ይቀይር፣ ማታ ምን እንዳየ ይንገርዎት። እርስዎ አንድም ቀን እንዳያስታውሱት፤ ለእናት ከባዱ ይሄ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቢረሳ ልጅ ነው፣ ምንም አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት «እማ፣ ያቺ እግሯን የምታነክሰው ዋኔ ዛሬ አልመጣችም» ካለዎት ግን ይህ ልጅ ዓይን አለው። ወሩ ሳያልቅ ሳህኑ አረንጓዴ ካወጣ ደግሞ ሳይቆጡት ለከርሞ ያቆዩት።

ሌላው ትዕግሥት ነው። ወፍ እንደ ቡችላ አትታቀፍም። መጀመሪያ ላይ ኬጁ አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ እንጂ መያዝ የለም። መያዝ ካልቻለ የሚያለቅስ ልጅ ገና ነው።

ወሩን ቢያልፍም አንድ ነገር ይወቁ። ባጂ የምንላት ትንሿ በቀቀን እንኳን ከ5 እስከ 10 ዓመት ትኖራለች። ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወፏ እርስዎ ጋር ናት የምትቀረው። ይህን ካልፈለጉ ዛሬውኑ እምቢ ይበሉ፣ እምቢ ማለት ክፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ አንድ አባት ከዱባይ፤ የ9 ዓመት ልጃቸው የሚያወራውን ግራጫ በቀቀን ፈልጋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ጠቅልለው አገር ቤት ሊገቡ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይግዙ። ይህ ወፍ 40 እና ከዚያ በላይ ዓመት ይኖራል። እንደ ሕፃን ሰው ይፈልጋል፤ ብቻውን ከዋለ ላባውን በገዛ አፉ ይነጫል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጉዞው አለ። ከዱር እየታደነ ስለተመናመነ በፈረንጆቹ 2016 የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት በጥብቅ ከሚጠበቁት እንስሳት ተርታ አስገብቶታል፤ ድንበር ለማሻገር የሁለቱንም አገር ፈቃድ ይጠይቃል። ልጅቷን ከለመደችው ወፍ ኤርፖርት ላይ አይለያዩአት። አገር ቤት ገብታችሁ ስትረጋጉ ባጂ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከአዲስ አበባ፤ መንገድ ላይ ከሚሸጡ ልጆች ግንባሯ ቀይ የሆነ አረንጓዴ ወፍ ገዝቷል። ሁለት ቀን ሆናት፣ አትበላም፣ ሽቦውን ትነክሳለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ስላሳሰበህና ስለጻፍክ ጎበዝ። እንደነገርከኝ ከሆነ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው፣ ላቭ በርድ የሚባለው ትንሽ በቀቀን ነው፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። ሾላና የጽድ ፍሬ እየለቀመ፣ ከመሰሎቹ ጋር በዛፍ ቀዳዳ የሚያድር የዱር ወፍ ነው። አልለመደም፣ በፍርሃት ነው የማይበላው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም ክልክል ነው። አንተ አንዱን ስትገዛ ደግሞ ልጆቹ ሌላ ሊይዙ ይሄዳሉ።

ብቻህን አትልቀቀው። ክንፉ ተቆርጦ ከሆነ የድመት ቀለብ ነው የሚሆነው። ከትልቅ ሰው ጋር ሆነህ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው። ነገ አትበል፤ ትንሽ ወፍ ሳይበላ ብዙ አይቆይም። ከዚያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውላችሁ ጠይቁ። እስከዚያው ኬጁን በጨርቅ ሸፍነው፣ ውሃ አድርግለት፣ ከጫጫታ አርቀው።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ከአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ የልጃቸው ባጂ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ጭራዋም ከፍ ዝቅ ይላል። ሙቀት ይሆን?

መልስ፦ ሙቀት አይመስለኝም፣ ጭሱ ነው። የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ አየር በደንብ ስለሚስብ መርዙንም አብሮ ይስባል። ዕጣኑ፣ ከሰሉ፣ የሚቆላው ቡና ሁሉ ይጎዳታል። ምግብ የማይጣበቅበት (ቴፍሎን) መጥበሻ ባዶውን ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ በደቂቃዎች ይገድላል። ቡናውን ማንም አይከልክላችሁ፣ ወፏን ግን በሩ ወደሚዘጋ ክፍል አዛውሯት። ጭራዋ ያለ ጭስም ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ወፍ የሚያይ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ይህ የምክር ጉዳይ አይደለም፣ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ወፍ ለልጅ በሽታ ታስተላልፋለች?

መልስ፦ አንዳንዴ። ኬጁን ከማጽዳቱ በፊት በውሃ ያርጥበው፣ ከዚያ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ትኩሳትና ሳል ከያዘው ለሐኪሙ ቤት ውስጥ ወፍ እንዳለ ንገሩ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጅ ከቢሾፍቱ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤታቸውን ዶሮዎች የምትጠብቀው እሷ ናት። በቀደም አንዷ ክንፏ ሥር ቅማል እንዳፈራች ለእናቷ የነገረችው እሷ ነበረች። እናቷ ግን ወፍ አይገዛም ብለዋል። «አሳምንልኝ» ትላለች።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እናትሽን ማሳመን የእኔ ሥራ አይደለም፤ ግን ይህን አንብቢላቸው። እመቤቴ፣ የዶሮን ክንፍ ገልጣ የምታይ ልጅ አለችዎት። ካሰቡበት ሁለት ባጂ ይግዙላት፣ አንድ ብቻዋን ትከፋለች። ክንፋቸውን ዘርግተው የሚበሩበት ሰፊ ኬጅ ይሁን፣ ከወጥ ቤት ይራቅ፣ በየሌሊቱ ለ10 ወይም ለ12 ሰዓታት ያህል ጨለማ ውስጥ ይተኙ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁም እዚያው ከተማችሁ ነው፤ ሳይገዙ በፊት ልጅቷን ይዘው ሄደው ይጠይቁ።