ዘረመል ወደ ሴል ለማስገባት ለምትነሱ የድሬና የሐረር ልጆች

ልጆቼ፣ ዘረመሉን ጠቅልሎ ወደ ሴል የሚያስገባውን ርካሹን ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት የሆነ ሞለኪውል) አትናቁት። በማሸጊያው የሚያምረው ውድ ኪት ከውጭ እስኪመጣ ልብ ያወልቃል። ፖሊኤቲሊኒሚን፣ ባጭሩ ፒኢአይ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ፈረንሳይ ውስጥ የዣን ፖል ቤር ቡድን ለዚህ ሥራ ካስተዋወቀው ወዲህ ብዙ ላቦራቶሪ ዛሬም ይሠራበታል። ለጀማሪ 25,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ የሚመዝነው ቅርንጫፍ የሌለው ዓይነት ይበቃል።

ዘረመሉን የያዘው ዲኤንኤ የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ኔጋቲቭ ነው፤ የሴሉም ገጽ እንዲሁ። ብቻውን ብትልኩት ይገፋፋሉ። በፒኢአይ ሰንሰለት ላይ ግን ከየሦስቱ አተም አንዱ ናይትሮጅን ነው፤ ፕሮቶን ሲቀበል ፖዘቲቭ ይሆንና ዲኤንኤውን ይጠቀልለዋል። ሴሉም ጥቅሉን ይውጠዋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የዋጠበት ከረጢት አሲድ እየሆነ ይዘቱን ሊፈጨው ይዘጋጃል። ፒኢአይ ፕሮቶኑን እየመጠጠ ከረጢቱን አሳብጦ ያፈነዳዋል የሚለው ሐሳብ «የፕሮቶን ስፖንጅ» ይባላል። ሊቃውንቱ ገና ይከራከሩበታል፤ ፈተና ላይ እንዳለቀለት እውነት አትጻፉት።

ከሁሉ በላይ ልኬቱን ያዙ፤ የፖሊመሩ ናይትሮጅን ከዲኤንኤው ፎስፌት ጋር ያለውን ምጣኔ ማለቴ ነው። ካነሰ ዲኤንኤው በወጉ አይጠቀለልም፤ ከበዛ ትርፉ ፖሊመር ሴሉን ይገድላል። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረመል አስገብታችሁ በማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ብርሃን ስታዩ እንደምትጨፍሩ አውቃለሁ፣ ጨፍሩ። ግን የሞተ ሴልም ያበራል። ምንም ያልነካው ሴል፣ ፖሊመር ብቻ ያገኘው ሴል፣ ዲኤንኤ ብቻ ያገኘው ሴል ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ውጤታችሁን ማንም ሊያምናችሁ አይገባም፤ እኔም አላምናችሁም። ሄክ 293 የሚባለው በላቦራቶሪ የሚራባ የሰው ሴል ደግሞ ለጋስ ነው፣ እሱ ስለተቀበለ ከደም የወሰዳችሁት ቲ ሴል (በሽታ ተከላካይ ሴል) ይቀበላል ብላችሁ አትመኑ።

አንድ ነገር ላክል። መመሪያው «በክፍል ሙቀት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆዩ» ይላል። የማን ክፍል? የጻፉት ሰዎች ያሰቡት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ግንቦት ቀትር ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ መብራት ጠፍቶ ኤሲው ቆሞ፣ ያ ዲግሪ ከየት ይመጣል? ጥቅሎቹ በቆዩ ቁጥር እርስ በርስ እየተጣበቁ ያድጋሉ፤ ጨው ባለበት ይብሳሉ፣ ሙቀቱም አይረዳም። ጠረጴዛችሁ ላይ ቴርሞሜትር አኑሩ፤ ዲግሪውንም ደቂቃውንም በደብተራችሁ ጻፉ። ሐረር ያለው ጓደኛችሁ በዚያው መመሪያ ሠርቶ ሌላ ውጤት ካገኘ፣ እጁን ከመጠርጠራችሁ በፊት የክፍሉን ዲግሪ ጠይቁት።