መኪናው ይቅደም ወይስ ቤቱ?

ይድረስ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ለገጣፎ፣ ከሰበታ እስከ ቦሌ አራብሳ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምትኖሩ፣ ከኪራይና ከአስቤዛ የተረፈቻችሁን ማጠራቀም ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ብዙዎቻችሁ እንዲህ ትላላችሁ፦ «ያለን ብር መኪና ይገዛል፤ ለቤት ግን ቅድመ ክፍያውንም አይሞላም። የምንደርስበትን ብንይዝ ምን አለበት?» ሐሳቡን አላጣጥልም። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ለታክሲ ከሚሰለፍ ሰው ጋር ስለ ቅንጦት መከራከር ነውር ነው። ደግሞም መኪና በእኛ ሀገር እያረጀ ዋጋው የሚጨምር ንብረት ሆኖ ቆይቷል፤ ይህን የሚክድ መካሪ ገበያውን አያውቅም።

ግን ለምን እንደጨመረ ልብ በሉ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ የጨመረው ብሩ ስለረከሰና በሩ ስለጠበበ ነው። በ600 ሺህ የገዛችሁትን ቪትዝ በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብትሸጡ፣ ያንኑ ዓይነት መልሶ ለመግዛት ያው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ይጠየቃል። ትርፉ የታለ? አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት እየገባ ስለሆነ የድሮው ስሌት ይቀጥላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የመኪና ዋናው ጣጣ ከተገዛ በኋላ ይመጣል። ወረቀት አውጡና እናስላው። ከቤት እስከ ሥራ 20 ኪሎ ሜትር፣ ደርሶ መልስ 40 ይሁን። በ22 የሥራ ቀን 880 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ የምትሄድ ትንሽ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትጠጣለች ብንል በወር 70 ሊትር ይሆናል፤ ሊትሩን በ120 ብር ብንይዘው 8,400 ብር። የቅዳሜና እሑዱ ለቅሶና ሠርግ እዚህ ውስጥ የለም። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ በዚህ ጉዞ ስድስት ወር አይሞላም። ከሰፈር እስከ አስፋልቱ ያለው ጠጠርና የተቦረቦረ ኮብልስቶን አሞርዛተሩንና ኩሽኔታውን ይበላል፤ መሃል ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ወጪ በእናንተ ልክ አያውቀውም። የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፣ አራት ጎማ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ የዓመት ምርመራና ቦሎ፣ ፓርኪንግ አለ። ለጥገናና ለእነዚህ ሁሉ የነዳጁን ግማሽ በየወሩ ለብቻው ማስቀመጥ ቢያንስ ነው። በጠቅላላው ወደ 13 ሺህ ብር ደረስን ማለት ነው።

መኪናው በብድር ከተገዛ ነገሩ ይከፋል። 1 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት የወሰደ ሰው በወር 25,400 ብር ገደማ ይከፍላል። ብድሩ እስኪያልቅ ሊብሬው በመያዣነት ይታገድበታል፣ ሙሉ ኢንሹራንስም ይገባል። ከመንቀሳቀሻው ጋር ሲደመር በወር 38 ሺህ ብር ነው። ይኸው ገንዘብ ሳይነካ ቢቀመጥ በሦስት ዓመት፣ ወለዱን ሳንቆጥር፣ 1 ሚሊዮን 368 ሺህ ይሆናል። ቅድመ ክፍያ አልሞላ ያላችሁ ገንዘብ የሚሄደው ወዲህ ነው።

ቅድመ ክፍያ ላይ ለምን ችክ እንደምል ደግሞ ይህን ተመልከቱ። 2 ሚሊዮን ብር የቤት ብድር በ18 በመቶ ለ20 ዓመት ብትወስዱ ወርሃዊው 30,866 ብር ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 30,000ው ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 866 ብር ብቻ። አምስት ዓመት ሙሉ ሳታዛንፉ ከ1 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር በላይ ከፍላችሁ ከዋናው የምትቀንሱት 83 ሺህ ገደማ ነው። በብድር ሥራ ላይ ያረጀን ሰዎች ወጣት ተበዳሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ደመወዙን ሳይሆን በእጁ ስንት እንዳለ ነው። ብድሩ በግማሽ ሲያንስ ወርሃዊውም በግማሽ ይወርዳል፤ ሰው ሥራ ቢያጣ ወይም ቢታመም ሊቋቋመው የሚችለው ያንን ነው።

ማጠራቀሙ ግን ብርን በባንክ አስተኝቶ መርሳት አይደለም። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ሆኖ ሳለ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ የሦስት ወር ወጪያችሁን በባንክ ያዙ፤ የተረፈውን በዕቁብ አስሩት። 20 ሰው በወር 15 ሺህ የሚጥልበት ዕቁብ ዕጣው 300 ሺህ ነው። ዋጋ በሚወጣበት ጊዜ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ይጠቀማል፤ የመጨረሻው ሰው የሚያገኘው የተሸረሸረ ብር ነው። ዋስ የማይጠራ ዕቁብ ውስጥ አትግቡ። ዕጣው ሲወጣ በምን ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው መኪና የሚያሳየው ወዳጅ አያጣም። ቦታ ኖሯችሁ የምትሠሩ ከሆነ ፌሮና ብሎኬት አስቀድሞ መግዛት ያዋጣል። ሲሚንቶ ግን አታከማቹ፤ እርጥበት እየሳበ ጉልበቱን ያጣል፣ ሦስት ወር ካለፈው ለኮለን (ለቤቱ ምሰሶ) አይታመንም።

አሁን ወደ ቤቱ። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚጠፋው ከዋጋው ይልቅ በወረቀቱ ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ገላን በ2015 በተዋቀረው በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ የእነዚህ ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) የሚጣራው እዚያው ባለው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው፣ አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምታገኙት ነገር የለም። በዚያው ዓመት በእነዚህ ሰፈሮች ሕጋዊ ሰነድ የላቸውም የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለዚህ «ካርታው እየወጣ ነው» የሚል ሻጭ ካርታው ከወጣ በኋላ ይምጣ። ካርታ ካለም ፋይሉን ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ አሳዩኝ በሉ፤ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ የሚታየው ፋይሉ ላይ ነው፣ በእጅ የያዙት ቅጂ አይነግራችሁም።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከተላለፈ አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ በሕግ ተከልክሏል። ሰዉ ግን ውክልና እየሰጠ ይሸጣል። ውክልና ሻጩ በፈለገ ቀን የሚሽረው ነገር ነው፤ ሻጩ ከሞተ ደግሞ አብሮት ይቀራል፣ እናንተም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ። ይህን እያወቀ ደላላው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚገዛው» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው፣ የሚከሰሰው ግን እሱ አይደለም። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ካልተመዘገበ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት አይጸናም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርም፤ ካላገባም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ያቅርብ።

የቤቱን አካል ማየት ሌላ ነው። በአቃቂ፣ በኮዬ፣ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ በኩል መሬቱ በብዛት ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጥቁሩ አፈር ተዝቆ በገረጋንቲ ሳይጠቀጠቅ የተመሠረተ ቤት አብሮት ይንቀሳቀሳል። ፀጉር የመሰለ የልስን ስንጥቅ አያስፈራም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ የብሎኬቱን መገጣጠሚያ እየተከተለ በደረጃ የሚወርድና ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ግን መሐንዲስ ሳታሳዩ አትግዙ። አዲስ ቀለም የተቀባበት ግድግዳ ብቻውን ካለ ለምን እሱ ብቻ እንደተቀባ ጠይቁ። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ፊኒሺንግ ሳይሠራለት የተረከቡት ሊሆን ይችላል፤ ሴራሚክ፣ በር፣ ሳኒተሪ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ቀለም በዋጋው ላይ ይጨመራሉ። ውሃው ስንተኛ ፎቅ ድረስ በራሱ እንደሚወጣና ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ጎረቤት ይነግራችኋል፤ ሻጩን አትጠይቁ።

መኪና የሚቀድምበት ጊዜም አለ። መኪናው ራሱ ሥራ ከሆነ፣ የንግድ ሰሌዳ ይዞ ጭነት የሚያመላልስ ወይም ተሳፋሪ የሚያወርድ ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ ወደ ሕክምና የሚመላለስ ሰው ካለ ስሌቱ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ከመረጣችሁ ግን መጀመሪያ ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ አግኙ። 30 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በተራ የቤት ሶኬት፣ በ220 ቮልትና በ10 አምፒር፣ ከባዶ እስኪሞላ 15 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከአራተኛ ፎቅ ገመድ አውርዶ ግቢው ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ ከሕንፃው ኮሚቴ ጋርም ያጣላል።

መኪና ለሌለው ሰው ቤቱ ከመንገዱ ጋር አንድ ላይ መታየት አለበት። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ጀምሮ በአንድ ወገን እስከ አያት፣ በሌላው እስከ ቃሊቲ ይሄዳል፤ ከእነዚህ ጫፎች በአንድ ታክሲ የሚደረስ ቤት ዋጋው ትንሽ ቢበልጥ እንኳ በትራንስፖርት ያካክሰዋል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥታችሁ እስከ መሥሪያ ቤታችሁ ሂዱ፤ ማታም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ፤ እሑድ ቤት ማየት ምንም አያሳይም። ቀብዱን ስትሰጡ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት፣ የካርታው ቁጥር ተጠቅሶ ይሁን፤ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል መስፈሩን አረጋግጡ። በሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል፤ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ያንን መብት ለማስከበር ትቸገራላችሁ።